ጨረሩ ቀለሙን ሰበረ እንበል፤ ጨዉንስ ማን ያወጣዋል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ድሬዳዋ አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ውስጥ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ፍሳሻችን ከባዮሎጂካል ገንዳው ወጥቶም ሰማያዊ ነው። አለቃችን ከስብሰባ ሲመለስ ‹በጨረር እናጸዳዋለን፣ ከዚያ በሜምብሬን (በጣም ስስ ማጣሪያ) አሳልፈን መልሰን እንጠቀምበታለን› አለን። ሠራተኛው ደግሞ ውሃው ጨረር ይይዛል ብሎ ተሸብሯል። ነገሩ እውነት ይሠራል? ሁለቱም ያስፈልጋሉ ወይስ አንዱ ይበቃል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የፍርሃቱን ነገር እንጨርሰው። ውሃው ጨረር አይይዝም። አለቃሽ የሚያወራው ስለ ኤሌክትሮን አክሰለሬተር፣ ኤሌክትሮኖችን አፍጥኖ ስለሚወረውር ማሽን፣ ከሆነ ነገሩ የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ታላቅ ወንድም ነው። ሳሎናችን ውስጥ የነበረው ቴሌቪዥን ኤሌክትሮኖችን ወደ 25 ሺህ ቮልት በሚጠጋ ኃይል እየወረወረ ነበር ምስል የሚያሳየን። ይሄኛው አንድ ሚሊዮን ቮልት አካባቢ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ሲጠፋ ጠፋ፣ ምንም አይተርፍም። ውሃን ራሱን ራዲዮአክቲቭ ለማድረግ ከዚህ በጣም የበለጠ ኃይል ያስፈልጋል። ለምግብ ማቆያ እንኳን በኤሌክትሮን እስከ 10 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ ይፈቀዳል።

ሰዎች የሚያምታቱት ከኮባልት 60 ጋር ነው። እሱ ማጥፊያ የለውም፤ ቀን ከሌሊት ጋማ ይረጫል፣ ግማሹ ለመሞት 5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ይፈጅበታል። አገራችን ውስጥ ቃሊቲ የቆላ ዝንብ ወንዶችን ለማምከን ይሠሩበታል። እዚያም ቢሆን ዝንቡ ጨረር ተሸክሞ አይወጣም። ለፋብሪካ ውሃ ግን ማንም ጤነኛ ሰው ዛሬ ኮባልት አይመክርሽም።

መፈራት ያለበት ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ በሚሠራበት ሰዓት ኤሌክትሮኑ ብረት ሲመታ ኤክስሬይ ይወጣል። ለዚህ ነው ወፍራም የኮንክሪት ክፍል የሚሠራለት። በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክሲጅንም ከፊሉ ሲተነፍሱት ወደሚጎዳ ጋዝ፣ ወደ ኦዞን፣ ስለሚቀየር ጠንካራ ማራገቢያ ይፈልጋል። በሩ ሲከፈት ማሽኑን የሚያጠፋውን መቆለፊያ «ሥራ አስቸገረን» ብሎ በሽቦ የሚያልፍ ጥገና ሠራተኛ ካላችሁ እሱን ፍሩት። ውሃውን ተዉት።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙ ሰው ኤሌክትሮኑ ቀለሙን አነጣጥሮ የሚመታ ይመስለዋል። አይደለም። የሚመታው ውሃውን ነው፣ ምክንያቱም ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ውሃ ነው። ውሃው ሲሰበር ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል በጣም የራበው ነገር ይፈጠራል። ከሱ እኩል በሚባል መጠን ደግሞ በውሃ የተከበበ ነጻ ኤሌክትሮን ይፈጠራል። አንዱ ኦክሲዳይዝ ያደርጋል፣ ማለትም ኤሌክትሮን ይነጥቃል፣ ሌላው ተቃራኒውን ይሠራል። የሪአክቲቭ ቀለሞቻችሁ፣ ከጨርቁ ክር ጋር በኬሚካል የሚጣበቁት፣ አብዛኞቹ «አዞ» (azo) የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ሁለት ናይትሮጅን እጅ ለእጅ የተያያዙበት ቦታ አላቸው፣ ቀለሙን የሚሰጠውም እሱ ነው። ሁለቱም ራዲካሎች እዚያ ላይ ሲያርፉ ቀለሙ ይጠፋል። ባክቴሪያዎቻችሁ ግን ይህን ማድረግ አልቻሉም። አትፍረጂባቸው፤ ቀለሙ የተሠራው በፀሐይም በሳሙናም እንዳይለቅ ተብሎ ነው። ጨርቁ ላይ እንዲጸና የተሠራ ነገር ገንዳ ውስጥም ይጸናል።

አንድ ሚሊዮን ቮልት ያለው ኤሌክትሮን ውሃ ውስጥ የሚገባው 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በቧንቧ ሙሉ ውሃ ላይ አይሠራም። ውሃው በስሱ እንደ መጋረጃ እየተረጨ በጨረሩ ፊት ያልፋል፣ በሰከንድ ክፍልፋይ። ኮሪያኖቹ ዴጉ ከተማ በሚገኘው የማቅለሚያ ፋብሪካዎች ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ሞክረውት ቀጥለው 10,000 አደረሱት። ቻይናዎቹ በ2017 ጂንሁዋ ላይ ጀመሩ፣ በ2020 ደግሞ ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ጂያንግመን ውስጥ በቀን 30,000 ሜትር ኩብ የሚያስተናግድ ተከሉ። ልዩነታቸው ደስ ይለኛል። ዴጉ ላይ ጨረሩን ከባክቴሪያው በፊት አደረጉት፣ ጠንካራውን ሰብሮ ለባክቴሪያው እንዲያጎርስ። ቻይና ላይ ከባክቴሪያው በኋላ አደረጉት፣ ባክቴሪያው የተረፈውን ብቻ እንዲጨርስ። ለናንተ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ባክቴሪያ በርካሽ የሚበላውን ነገር በመብራት ኃይል ማቃጠል ኪሳራ ነው።

የመብራቱን ሂሳብ ራስሽ ልትሠሪው ትችያለሽ። ውሃው የሚቀበለው የጨረር መጠን (ዶዝ) በኪሎግሬይ ይለካል፤ አንድ ኪሎግሬይ ማለት ለአንድ ኪሎ ውሃ አንድ ኪሎጁል ነው። ስለዚህ ለአንድ ሜትር ኩብ አንድ ሜጋጁል፣ ማለትም 0.28 ኪሎዋት ሰዓት። ቀለም ለማጥፋት ከ1 እስከ 2 ኪሎግሬይ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የማሽኑን ብክነት ጨምሪና በሜትር ኩብ አንድ ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ያዢ። ውሃው ግማሽ ዲግሪ እንኳን አይሞቅም። ሲኦዲውን፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ያለውን ኦርጋኒክ ቆሻሻ፣ በሙሉ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እቀይራለሁ ካልሽ ግን ዶዙ ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ ሂሳቡም ይፈርሳል። ቀለሙ ጠፍቶ ሲኦዲው ባለበት ቁጭ ቢል አትገረሚ። ሞለኪውሉ ተሰበረ እንጂ የትም አልሄደም። በትንሽ ዶዝ ስትሰብሪው እንዲያውም ከቀለሙ የባሰ መርዛማ ቁራጭ ሊተርፍ ስለሚችል ከጨረሩ በኋላ ሌላ የሚበላ ነገር፣ ትንሽ ባዮፊልተር እንኳን፣ ቢኖር ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ነው የድሬ ጉዳይ የሚመጣው። ከኮሪያ የመጣ ብሮሹር ይህን አይነግርሽም።

ቤትሽ ያለውን ማንቆርቆሪያ ክፈቺና እዪ። ሳቢያንም ሁኚ ከዚራ፣ ታቹ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ከጉድጓድ የሚመጣው ውሃችን ባይካርቦኔት የሞላበት ስለሆነ ነው። ማቅለሚያ ክፍላችሁ ደግሞ ሶዳ አሽ ይጨምርበታል። ያ ካርቦኔት ነው፣ በላዩ ላይ። ካርቦኔትና ባይካርቦኔት ደግሞ ሃይድሮክሲል ራዲካሉን ቀለሙ ሳይደርሰው ይበሉታል። ከሁለቱ ካርቦኔት ይብሳል፤ ከባይካርቦኔቱ ከ40 ጊዜ በላይ ይፈጥናል።

በቁጥር ላሳይሽ። እንበል ሊትሩ ውስጥ 400 ሚሊግራም ባይካርቦኔትና 50 ሚሊግራም ቀለም አለ፤ ሌላውን ኦርጋኒክ ለጊዜው እንርሳው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ከ7 በታች አሲዳማ ነው) 8 ከሆነ ከመቶ ራዲካል ወደ 80 የሚጠጋው ቀለሙን ያገኛል። ያው ውሃ ፒኤቹ 10.3 ሲሆን ግማሹ ባይካርቦኔት ወደ ካርቦኔት ይለወጥና ቀለሙን የሚያገኙት 16 ገደማ ብቻ ይሆናሉ። ማሽኑ ያው፣ መብራቱ ያው፣ የከፈላችሁት ብር ያው። የሪአክቲቭ ቀለም ፍሳሽ ደግሞ በ10 እና በ11 መካከል ነው የሚወጣው፣ ይህን ከኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።

«ሶፍትነር (ውሃ ማለስለሻ) አለን እኮ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አቦ፣ ሶፍትነር ካልሲየሙን ወስዶ ሶዲየም ነው የሚሰጥሽ። ባይካርቦኔቱን አይነካውም። ማንቆርቆሪያው ይጸዳል፣ ራዲካሉ ግን ያው ይበላል።

መድኃኒቱ አሲድ ነው፤ ግን በልክ። ፒኤቹን ወደ 6 አውርደሽ በአየር ብታንተከትኪው አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ከ5 በታች አትውረጂ። የማቅለሚያ ውሃ ጨው ስለሞላበት በጣም አሲዳማ ሲሆን ክሎራይዱ ራዲካሉን ይዞ ወደ ክሎሪንነት ይሄዳል፣ ክሎሪን የያዘ ኦርጋኒክ ደግሞ ማንም አይፈልግም። አሲዱንስ የቱን? ሰልፈሪክ ርካሽ ነው። ግን ሰልፌት ይጨምራል፣ እሱም ሜምብሬኑ ላይ ጂፕሰም ሆኖ ይጠብቅሻል።

ሜምብሬን አልኩ። ጨረሩ የማይችለው አንድ ነገር ጨው ነው። ሶዲየምን በኤሌክትሮን ብትወቅጪው ሶዲየም ነው። የሪአክቲቭ ማቅለሚያ መታጠቢያ በሊትር 50 እና 80 ግራም ጨው የሚገባበት ጊዜ አለ። ያንን ውሃ ቀለሙን ብቻ አጥፍተሽ ወደ ማቅለሚያው ብትመልሺው ሁለተኛው ዙር ላይ ቀለሙ ወጥ ሆኖ አይይዝላችሁም፣ ጨርቁ ይዥጎረጎራል። ስለዚህ መልሶ መጠቀም ከተፈለገ አርኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ጨዉን ሳይቀር የሚያስቀረው ሜምብሬን) ግድ ነው። ከሱ በፊት ደግሞ አልትራፊልትሬሽን፣ ደቃቁን ዝቃጭ ለመያዝ። ሜምብሬን በበኩሉ አንዳች ነገር አያጠፋም። ይለያል ብቻ። ንጹሑን በዚህ፣ ቆሻሻውን በዚያ። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ነው የሚሠሩት፤ «አንዱ ይበቃል ወይ» ለሚለው መልሴ ይኸው ነው። ማስወገድ ብቻ ከሆነ ዓላማችሁ ቀለሙን የሚሰብር ነገር በቂ ሊሆን ይችላል። መመለስ ከሆነ ሜምብሬን ያስፈልጋል፣ ጨረሩ ደግሞ የሜምብሬኑን ዕድሜ የሚያረዝም ረዳት ይሆናል።

ረዳት ስል ግን በጥንቃቄ ነው። ጨረር ትላልቁን ሞለኪውል ሲሰብር ሜምብሬኑ ላይ የሚለጠፈው ልጣጭ ይቀንሳል። በሌላ በኩል አልትራፊልትሬሽኑ ይይዘው የነበረው ትልቅ ነገር ትንሽ ሆኖ አልፎ አርኦው ላይ ሊደርስ ይችላል። በብልቃጥ ሳይሞከር አይታወቅም። ሌላው፣ ከጨረሩ በኋላ ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይተርፋል። የአርኦ ሜምብሬን ፖሊአማይድ ነው፣ ከኦክሲዳንት ጋር አይስማማም። በክሎሪንማ ጨርሶ ይሞታል። በረኪና ለማጽጃ የምትጠቀሙ ከሆነ መስመሩ ከዚህ ጋር እንዳይገናኝ።

ሜምብሬን እንዴት እንደሚሞት አንድ ላጫውትሽ፣ ጥፋቱ የኔው ነው። ስሙን የማልጠራው ፋብሪካ ውስጥ አርኦ አስነሥቼ አስረከብኩ። ስኬል (ድንጋይ መሰል ቅርፊት) የሚከላከለውን ኬሚካል የሚጨምረው የአንቲስኬላንት ፓምፕ ይጮሃል፣ ይመታል፣ ሁሉ ነገር ደህና። ለካ መምጫው ውስጥ አየር ገብቶ ባዶውን ነው የሚመታው። በርሜሉ እየጎደለ መሆን አለመሆኑን ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም፤ ፈረምኩ። ግፊቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨመረ፣ ኦፕሬተሩም ቫልቩን ትንሽ ትንሽ እየከፈተ አስታመመው። ሲደወልልኝ ምርቱ ግማሽ ወርዷል።

የመጨረሻውን ኤለመንት አውጥተን በግራይንደር ሰነጠቅነው። አንድ ሜትር የሚሆን ጥቅል ነው፣ እንደ ሰሌን የተጠቀለለ። ስንዘረጋው ሜምብሬኑ ላይ ነጭ ደቃቅ ነገር ተረጭቷል። በጣቴ ሳሸው እንደ አሸዋ ይኮረኩራል። ከምሳ የተረፈ ሎሚ ነበር፣ ጨመቅኩበት። ተንፈቀፈቀ። ካልሲየም ካርቦኔት፣ ያው የማንቆርቆሪያው ቅርፊት። ደስ አለን፣ በሲትሪክ አሲድ ይታጠባላ! ዝቅ ብሎ ግን ሌላ ቦታ ነበር፣ መስታወት የመሰለ ስስ ሽፋን። ሎሚው ላዩ ላይ ቁጭ አለ፣ ምንም። ሲሊካ ነው። ሲሊካ በአሲድ አይለቅም። እነዚያን ኤለመንቶች ጣልናቸው። የፊተኛውን ስንከፍተው ደግሞ ስኬል የሚባል የለበትም፤ የሚያዳልጥ ለሃጭ የባክቴሪያ ነገር ነበር። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ፊት ያለው በሕይወት ያለ ነገር ይዘጋዋል፣ ኋላ ያለው በድንጋይ። ለዚህ ነው «ሜምብሬናችን ተዘጋ» ሲሉኝ የፊቱ ነው የኋላው ብዬ የምጠይቀው።

ሙቀቱንም አትርሺ። ብዙዎቹ የአርኦ ሜምብሬኖች ከ45 ዲግሪ በላይ አይወዱም። ከማቅለሚያ የሚወጣ ውሃ 60 እና ከዚያ በላይ ነው። ሌላ አገር ገንዳ ውስጥ አሳድረሽ ታቀዘቅዢዋለሽ። በሰኔ የድሬ ምሽት ግን ምን ያህል እንደሚያቀዘቅዝ እናውቃለን። ሙቀቱን ለሚገባው ውሃ የሚያስተላልፍ ሂት ኤክስቼንጀር ቢገባ የቦይለር ናፍጣም ይቆጥባል። ከጠቅላላው ወጪ ቶሎ የሚመለሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ማንም በስብሰባ ላይ የማያነሳው ነገር። ሪጀክቱ፣ አርኦው ጨዉን ሰብስቦ የሚያስቀረው ውሃ፣ የት ይሄዳል? በቀን 1,000 ሜትር ኩብ አስገብተሽ አርኦው 75 በመቶውን ንጹሕ ቢሰጥሽ፣ 250 ሜትር ኩብ አራት እጥፍ የጨወየ ውሃ እጅሽ ላይ ይቀራል። የሚገባው ውሃ በሊትር 5 ግራም ጨው ካለው በየቀኑ 5 ቶን ጨው ማለት ነው። በየቀኑ! ደቻቱ ወንዝ ላይ እንልቀቀው የሚል አይጠፋም። ደቻቱ እኮ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። የሚያቀጥን ወራጅ የለም። የለቀቅሽው ይሰርጋል፣ የምንጠጣው ደግሞ ከመሬት በታች ነው። ሐረርም ቢሆን ሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ዓይኗን የጣለችው በድሬ በኩል ባሉት ጉድጓዶች ላይ ነው።

«ፀሐያችን መች አነሰ፣ እናትነው» የሚል ሐሳብ ጥሩ ነው፤ እኔም ወድጄው ነበር። እስቲ እናስላው። ጨዋማ ውሃ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ቢተንልሽ፣ 250 ሜትር ኩብ ለማትነን ከ6 ሄክታር በላይ ገንዳ ያስፈልግሻል። ወደ ዘጠኝ የኳስ ሜዳ። ታቹ በፕላስቲክ የተነጠፈ። ከጎርፍም ከፍ ያለ ቦታ ላይ መሆን አለበት፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ድሬን የመታውን ጎርፍ ያየ ሰው ጨው የሞላ ገንዳ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አይቆፍርም። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ምንም ፍሳሽ ወደ ውጪ እንዳይለቅ ተብሎ የተተከለው ማጣሪያ በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር እንዲይዝ የታሰበ ነው። እንዲህ ያለው ሥርዓት አርኦ ላይ አያበቃም፤ ሪጀክቱን አትንኖ ጨዉን የሚያደርቅ ክፍል ይከተለዋል፣ ጉልበት የሚበላውም እሱ ነው። ከአርኦው ራሱ በብዙ እጥፍ።

ስለዚህ ጨዉ መጀመሪያውኑ እንዳይበዛ ማድረግ ከሁሉ ይቀድማል። የማቅለሚያውን የመጀመሪያ ፍሳሽ ከማለቅለቂያው ለዩት። የመጀመሪያው ትንሽ ነው፣ ጨዉም ቀለሙም እሱ ውስጥ ነው ያለው። ማለቅለቂያው ብዙ ነው፣ ግን ቀላል። ዛሬ ሁለቱም አንድ ቦይ ውስጥ እየገቡ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ቧንቧ ቀይሮ መለየት ለአክሰለሬተር ከሚወጣው ብር ጋር ሲነጻጸር የሻይ ነው። ማለቅለቂያውን ብቻ በአርኦ ብታሳልፉ ሪጀክቱም ይቀንሳል፣ ስኬሉም ይዘገያል። ያችን ጠንካራዋን ትንሽ ፍሳሽ ለብቻዋ ያዟት።

አክሰለሬተሩን በተመለከተ ለአንድ ፋብሪካ ብቻ ከሆነ አልመክርም። በቀን ጥቂት መቶ ሜትር ኩብ ላላት ማቅለሚያ ኦዞን ውሃው ውስጥ እየነፉ ቀለሙን መስበር ይበቃታል፤ መብራቱ ቢበዛም ማሽኑ ርካሽ ነው፣ ኮንክሪት ክፍልም የጨረር ፈቃድም አይፈልግም። ጨረር የሚያዋጣው ብዙ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን አንድ ላይ ሲያመጡ ነው፣ እንደ ዴጉ። ድሬ የቀድሞው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የዛሬው ነጻ የንግድ ቀጠና፣ ስላላት ነገሩ ሕልም አይደለም። ግን የአንድ አለቃ ውሳኔ አይደለም። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቀን ደግሞ አክሰለሬተሩ ቫኩዩሙን ጠብቆ እስኪነሣ ውሃው የት እንደሚቆይ ማሰብ ነው። ሰፊ ማቆያ ገንዳ፣ ቢያንስ የአንድ ቀን።

ላብራቶሪ ስላለሽ እድለኛ ነሽ። ለአንድ ሳምንት በየሁለት ሰዓቱ ናሙና ውሰጂ፤ የሌሊቱንም ፈረቃ፣ ምክንያቱም ጥቁር የሚቀለመው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ፒኤች፣ ኮንዳክቲቪቲ (የጨዉን መጠን ይጠቁማል)፣ ሙቀት፣ አልካሊኒቲ (የካርቦኔትና የባይካርቦኔቱን መጠን ይነግርሻል)። አልካሊኒቲው ላብራቶሪሽ ካለው ቡሬት፣ አሲድና ፒኤች ሜትር ሌላ ምንም አይፈልግም። ሲሊካውን አንድ ጊዜ ውጪ አስለኪ። የማለቅለቂያውን ከመጀመሪያው ፍሳሽ ለይተሽ መዝግቢ። አለቃሽ ቀጣዩን ስብሰባ ሲጠራ አንድ ወረቀት ላይ አድርገሽ አቅርቢለትና፣ ረጋ ብለሽ፣ ሪጀክቱን የት ልናደርገው አስበናል ብለሽ ጠይቂው። መልስ ካለው ቁጥሮቹን ላኪልኝና ዶዙን አብረን እናሰላለን።